ጭሱን ከማድ ቤታችን እንዴት እናስወጣ?
(በነባር ማድ ቤት ላይ ጭስ ሰብሳቢ ስለ መሥራት)



በዚህ ዕትም የትምህርት ዓምዳችን ለሁላችንም ቅርብ ስለሆነው ስለ ማድ ቤት ጭስ እናወሳለን። በካምፕ የምንሠራቸው ማድ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ጠባብ፣ ጣሪያቸው ዝቅ ያለና መስኮት የሌላቸው ናቸው። እንጀራ ሲጋገር ጭሱ መውጫ አጥቶ ከጣሪያው ይመለሳል። ጋጋሪዋ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ሥራዋን ትቀጥላለች፤ በጀርባዋ የታዘለው ሕፃንም ያንኑ ጭስ ይተነፍሳል። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ልማድ ተቀብለነዋል። ሆኖም ቤቱን ሳናፈርስ፣ ምድጃውንም ሳንለውጥ ልናሻሽለው እንችላለን።

1. ጭስ ምን ጉዳት ያደርሳል?

የማገዶ ጭስ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፣ በአዋቂዎች ላይ ደግሞ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ የልብ ሕመምና የዓይን ሞራ ያስከትላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። ከሁሉም በላይ የሚጎዱት በምድጃ አጠገብ ረጅም ሰዓት የሚያሳልፉት እናቶችና ሕፃናት ናቸው።

2. ጭስ ሰብሳቢ ምንድን ነው?

ጭስ ሰብሳቢ ከምድጃው በላይ የሚሰቀል፣ ታቹ ሰፊ ላዩ ጠባብ የሆነ የቆርቆሮ ቆብ ነው። በከተማ ቤቶች “ሁድ” የሚባለውና በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዓይነት ወንድም ነው ማለት ይቻላል። የእኛው ግን መብራት አይፈልግም። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ጭሱን ይዞት በቧንቧው በኩል ከጣሪያ በላይ ይሄዳል።

ነገሩ በአካባቢያችን የተሞከረ ነው። ዛሬ ፕራክቲካል አክሽን የሚባለው ድርጅት ከ1998 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በኬንያ፣ በካጂያዶ ከማሳይ ሴቶች ጋር ሆኖ በቤታቸው ጭስ ሰብሳቢ ሠርቶ ነበር። በየቤቱ የነበረው ጭስም በእጅጉ ቀንሷል። ከዚህ ሥራ የምንማረው ዋና ነገር ልኩ መወሰን ያለበት ከምታበስለዋ ሴት ጋር በመመካከር መሆኑን ነው። ለወጥ ድስት የተሠራ ለእንጀራ ምጣድ አይሆንምና።

3. ልክ አወሳሰድ

ቆርቆሮ ከመቆረጡ በፊት ጋጋሪዋ እንደ ወትሮዋ በምድጃው ፊት ትቀመጥ። አከንባሎውን ስታነሳና እንጀራውን ስታወጣ እጇና ራሷ የት እንደሚደርሱ ይታይ። ከዚያ የሚከተሉት ይለኩ።

ሀ) ስፋት፦ ቆቡ ከምጣዱ በየጎኑ 15 ሴ.ሜ. ሊበልጥ ይገባል። ለ60 ሴ.ሜ. ምጣድ የቆቡ አፍ 90 በ90 ሴ.ሜ. ይሆናል። ጭስ በማገዶ መክተቻው በኩል ስለሚወጣ ቆቡ ያንንም አልፎ ይሸፍን።

ለ) ከፍታ፦ ከምጣዱ እስከ ቆቡ ከንፈር 60 ሴ.ሜ. ቢሆን አከንባሎ ለማንሳት ይበቃል። ከዚህ በጣም ከፍ ካለ ጭሱ ያመልጣል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ሥራ ያውካል፣ እሳቱም ቆርቆሮውን ይልሰዋል።

ሐ) ጎኖች፦ ቆቡ በአራቱም በኩል ክፍት ከሆነ ነፋስ ጭሱን ይበትነዋል። ስለዚህ ኋላው የጭቃ ግድግዳ ይሁን፤ ሁለቱ ጎኖችም በጭቃ ወይም በቆርቆሮ ይጋረዱ። ፊቱ ብቻ ክፍት ይቀራል።

መ) ቧንቧ፦ የቧንቧው ውስጠኛ ስፋት ከፊተኛው ክፍት ቦታ ከአሥር አንድ ማነስ የለበትም። በምሳሌአችን ክፍቱ 90 ሲባዛ በ60፣ ማለትም 5,400 ካሬ ሴ.ሜ. ነው። ከአሥር አንዱ 540 ስለሚሆን 24 በ24 ሴ.ሜ. የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ቧንቧ (576 ካሬ ሴ.ሜ.) ይበቃል። ብዙዎች በአንድ የዘይት ጣሳ ስፋት ቧንቧ ሠርተው “አልሠራም” ብለው የሚተዉት ይህን ባለማስላት ነው።

4. አሠራር

በመጀመሪያ የቆቡን አንድ ገጽ በካርቶን ላይ ይንደፉ፤ ታቹ 90፣ ላዩ 24፣ ቁመቱ 60 ሴ.ሜ. ይሁን። በዚያው ንድፍ አራት ገጾች ከጠፍጣፋ ላሜራ ይቁረጡ። ለመጋጠሚያ በየጠርዙ 2 ሴ.ሜ. ያህል ያስተርፉ። ጠርዞቹን አጣጥፈው እርስ በርስ አቆላልፈው በመዶሻ ይምቱ። አራቱ ሲጋጠሙ የቆቡ ቁመት 50 ሴ.ሜ. ያህል ይሆናል።

ለቧንቧው 98 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው ላሜራ በየ24 ሴ.ሜ. ይታጠፍ፤ የቀረው 2 ሴ.ሜ. ለመጋጠሚያ ነው። ቧንቧው ቀጥ ብሎ ይቁም። ጫፉ ጣሪያውን ከበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴ.ሜ. ከፍ ይበል፤ እስከ 3 ሜትር ርቀት ካለ ከማናቸውም ጣሪያም በ60 ሴ.ሜ. ይብለጥ። ካጠረ ነፋስ ጭሱን ይመልሰዋል። ከጫፉ 15 ሴ.ሜ. ከፍ ብሎ የዝናብ መከላከያ ክዳን ይደረግለት።

የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ለቧንቧው ላይኛ ክፍል ያገለግላል። ቀለሙ ግን አስቀድሞ ከቤት ውጭ፣ ሰው በሌለበት ይቃጠል። ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ዕቃ በምንም ዓይነት አይወሰድ።

5. ሳይቃጠል በቅጠል

በካምፕ ውስጥ የአንዱ ቤት እሳት የጎረቤቱም እሳት ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን አጥብቀን እናሳስባለን።

— ቧንቧው በሣር ወይም በፕላስቲክ ጣሪያ ውስጥ ፈጽሞ አይለፍ። ጣሪያችሁ እንዲህ ከሆነ ምድጃውን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ ከቤቱ ራቅ ባለ ክፍት ዳስ ሥር መጋገሩ ይሻላል።

— በቆርቆሮ ጣሪያም ቢሆን ቧንቧው ከማናቸውም እንጨት 45 ሴ.ሜ. ይራቅ። ቦታ ከጠበበ በቧንቧውና በእንጨቱ መካከል ሌላ ቆርቆሮ ይከለል፤ ከለላው ከእንጨቱ 3 ሴ.ሜ. ያህል ይራቅ። ያን ጊዜ ቧንቧው ከእንጨቱ እስከ 15 ሴ.ሜ. መቅረብ ይችላል።

— ጣሪያ ከመበሳቱ በፊት የብሎክ መሪውንና የመጠለያ ክፍሉን ያማክሩ። በቧንቧው ዙሪያ የሚደረገው ማያያዣ ቆርቆሮ በላይ በኩል ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር፣ በታች በኩል ከላዩ ይሁን። አለዚያ ዝናብ ያስገባል።

6. ሙከራና እንክብካቤ

ሥራው እንዳለቀ እርጥብ ሣር በእሳቱ ላይ ጣል አድርገው ጭሱን ይከታተሉ። በፊት ለፊት ከፈሰሰ በሩን ይክፈቱ። በዚህ ከተሻለው ቤቱ አየር አንሶታል ማለት ነውና ከግድግዳው ሥር የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ይብሱ። ካልተሻለው በከንፈሩ ላይ ጥቂት ቆርቆሮ ቀጥለው ክፍቱን ያጥብቡት፤ ወይም ቧንቧውን ያስረዝሙት።

ጥላሸት እሳት ይይዛል። ስለዚህ ቧንቧው በየወሩ፣ እሳቱ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በረጅም እንጨት ላይ በታሰረ ጨርቅ ይጠረግ። የዛገና የተበሳም ይለወጥ።

ደረቅና የተፈለጠ ማገዶ ጭሱን ይቀንሳል። ከሰል ግን ጭሱ ስለማይታይ ብቻ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ስላለው ጭስ ሰብሳቢ ቢኖርም በሚተኛበት ክፍል አይነድ።

ላሜራውና የእጅ ዋጋው ለአንድ ቤተሰብ ሊከብድ ይችላል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ” እንደሚባለው፣ በአንድ ማድ ቤት የሚጋግሩ ጎረቤታሞች ቢያዋጡ ግን ይቀላል። በየብሎኩ አንድ ለናሙና ቢሠራ ሌላው ዓይቶ ይማርበታል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በማድ ቤታችሁ ከሁሉ ይበልጥ ጭስ የሚተነፍሰው ማን ነው? በቀን ለስንት ሰዓት?
2. የጣሪያችሁ ዓይነት ቧንቧ ለማሳለፍ ይፈቅዳል? ካልፈቀደ ምድጃውን የት ማድረግ ይቻላል?
3. የምጣዳችሁ ስፋት 50 ሴ.ሜ.፣ ከፍታው እንዳለ 60 ሴ.ሜ. ቢሆን የቆቡ አፍና የቧንቧው ልክ ስንት ይሆናል? (መልስ፦ አፉ 80 በ80 ሴ.ሜ.፣ ቧንቧው ከ480 ካሬ ሴ.ሜ. የማያንስ፤ 22 በ22 ይበቃል።)