የአውቶማቲክ ካምቢዮ የኤሌክትሪክ ብልሽት ምርመራ፦ ሙቀት በሶሌኖይድ ልኬት ላይ ያለው ተጽዕኖ ከድሬዳዋ–ሐረር መንገድ አንጻር

በሐረር ጁገል ውስጥ የሚገኘው ፈረስ መጋላ ለረዥም ዘመን በፔጆ 404 ታክሲዎቹ ይታወቃል። የእነዚህ መኪኖች ማርሽ በእጅ የሚቀየር በመሆኑ፣ የካምቢዮ ብልሽት በአመዛኙ በጆሮ በሚሰማ ድምፅና በእጅ በሚዳሰስ ንዝረት ሊለይ ይችል ነበር። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ግን የማርሹን ለውጥ የሚወስነው ኮምፒውተር ሲሆን ትእዛዙን የሚፈጽሙት ሶሌኖይድ የተባሉ የኤሌክትሪክ ቫልቮች ናቸው። አንድ ሽቦ ሲላላ መኪናው ያለ ምንም ድምፅ በአንድ ማርሽ ላይ ሊጸና ይችላል። እንዲህ ያለው ምልክት የውስጥ ስብራት እየመሰለ ሙሉ ካምቢዮ ያለ አግባብ ወደ ማስለወጥ ያደርሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ስሕተት የሚዳርጉ ሁለት የልኬት ጉድለቶችን ማሳየት ነው።

ምርመራው ከባትሪ ይጀምራል። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት ይኖርበታል። ቀጥሎ ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት የብልሽት ኮድ ይነበባል። እዚህ ላይ ኮዱ የሚጠቁመው የተበላሸውን ዕቃ ሳይሆን የተበላሸውን መስመር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ለምሳሌ ፒ0753 የመጀመሪያው የማርሽ መቀየሪያ ሶሌኖይድ የኤሌክትሪክ ዑደት መታወኩን ይገልጻል፤ ጥፋቱ ግን በሶሌኖይዱ፣ በሽቦው፣ በሶኬቱ ወይም በኮምፒውተሩ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ፒ0751 የአሠራር ጉድለትን ስለሚያመለክት የዘይትና የቫልቭ ምርመራንም ይጠይቃል።

የመጀመሪያው የልኬት ጉድለት ሙቀትን አለማገናዘብ ነው። በበርካታ የቶዮታ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች የማርሽ መቀየሪያ ሶሌኖይድ የኤሌክትሪክ መከልከል በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ11 እስከ 15 ኦም ነው። የመዳብ ሽቦ መከልከል ግን ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በ0.39 በመቶ ገደማ ያድጋል። በ20 ዲግሪ 13 ኦም የሆነ ጤናማ ሶሌኖይድ በ90 ዲግሪ 16.6 ኦም ያህል ይሆናል። ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት በመውጣት 1,885 ሜትር ላይ ወዳለችው ሐረር የደረሰ መኪና የካምቢዮ ዘይቱ የጋለ ነው። ወዲያው ቢለካ ጤናማው ሶሌኖይድ ከ15 ኦም አልፎ «የተበላሸ» ይባላል። ስለዚህ ለመጽሐፉ ቁጥር ተነጻጻሪ የሚሆነው መኪናው አድሮ በጧት የሚወሰደው ልኬት ነው። ብልሽቱ በሙቀት ጊዜ ብቻ የሚከሠት ከሆነ ግን የጋለው መኪና ልኬትም ተወስዶ ከላይ በተገለጸው ስሌት መታረም አለበት።

ሁለተኛው ጉድለት ሶሌኖይዱን ብቻ ለክቶ መስመሩን መተው ነው። በ12 ቮልት ላይ 13 ኦም ያለው ሶሌኖይድ 0.92 አምፔር ይስባል። በሶኬቱ ላይ ዝገት 5 ኦም ቢጨምር ጅረቱ ወደ 0.67 አምፔር፣ ሶሌኖይዱ የሚደርሰው ቮልቴጅም ወደ 8.7 ቮልት ይወርዳል፤ ቫልቩም በሙሉ ኃይል ላይከፈት ይችላል። በመሆኑም ልኬቱ ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በካምቢዮው ሶኬት፣ ሌላ ጊዜ በኮምፒውተሩ ጫፍ፣ ባትሪው ተፈትቶ መወሰድ ይገባዋል። የሁለቱ ልዩነት ከጥቂት የኦም ክፍልፋይ ካለፈ ጥፋቱ በመካከል ባለው መስመር ላይ ነው። የግራውንድ ገመድም ጅረት እየተሸከመ ከ0.2 ቮልት በላይ ሊያጠፋ አይገባም።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ አለበት፦ ባትሪ፣ ኮድ፣ ሶኬት፣ መስመር፣ ሶሌኖይድ፣ በመጨረሻም ካምቢዮ። ለዚህ የሚያስፈልገው መልቲሜትርና ኮድ ማንበቢያ ብቻ ሲሆን፣ የሚያድነው ግን የአንድ ባለታክሲ የመተዳደሪያ ሀብት ነው።