ከጅረት የሚወጣውን ቆሻሻ ስለ መለየት

ገበሬዎች ሆይ! ክረምት ሳይገባ የመንደራችሁን ጅረት ስትጠርጉ፣ ያወጣችሁትን ሁሉ ባንድ ክምር አታቃጥሉ። ቅጠሉና ገለባው ከእበትና ከአመድ ጋር ተደራርቦ፣ እርጥበቱ ተጠብቆ ቢገላበጥ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ብስባሽ ማዳበሪያ ይሆናል። ብረታ ብረቱንና የውሃ ፕላስቲኩን ቆራሌው ይገዛል። ፌስታል ግን ላም ከዋጠችው በጨጓራዋ ተጠቅልሎ ስለሚቀር፣ ሣር ፊቷ እያለ ከስታ እስከ መሞት ትደርሳለች፤ ከጭቃው ሥር እንኳ ቢሆን ለቅማችሁ አውጡት።

ከሁሉ የከፋው የፀረ ተባይ መያዣ ነው። በባዶ እጅ አትንኩት፤ በጅረቱም አትጠቡት። ለቆራሌ ከሸጣችሁት የዘይት ዕቃ ሆኖ ገበያ ላይ ያገኛችኋል። መድኃኒቱን ስትጨርሱ እዚያው ማሳችሁ ላይ መያዣውን 3 ጊዜ አለቅልቃችሁ እጣቢውን ወደ መርጫው ጨምሩት፤ ዕቃውንም ብሱና ልጆች ከማይደርሱበት አኑራችሁ ለልማት ሠራተኛው አሳውቁ።