የዘር እርጅና

የደብረ ብርሃንና የአንኮበር ገበሬ የበሬውን ዕድሜ ጥርሱን አይቶ ያውቃል። በጎታ ያኖረውን የገብስ ዘር ዕድሜ ግን ብዙ ጊዜ አይመረምርም። ዘርም ሕይወት ያለው ነገር ነውና ያረጃል። መልኩ ሳይለወጥ፣ ነቀዝም ሳይነካው በማሳው ላይ ሳይበቅል ይቀራል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ ነው።

በእያንዳንዱ ቅንጣት ውስጥ ሽል አለ። የሽሉ ሕዋሳት ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ክፍሎች አሏቸው። ሥራቸው የምድጃ ሥራ ነው፤ ምግብን ከኦክስጅን ጋር አዋሕደው ለሕዋሱ ኃይል ይሰጣሉ። በደረቅ ዘር ውስጥ ይህ እሳት ተዳፍኖ ይቆያል፤ ዘሩ ውሃ ሲጠጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይቀጣጠላል። ዘሩ ተቀምጦ ሲከርም ግን ከኦክስጅን የሚወለዱ ጎጂ ነገሮች የሚቶኮንድሪያውን ስስ ሽፋን ቀስ በቀስ ያበላሹታል። ስለዚህ ያረጀ ዘር አስቀድሞ ዘግይቶ ይበቅላል፣ በኋላም ጨርሶ ይሞታል። በሰውና በከብት እርጅናም የዚህ ምድጃ መዳከም ድርሻ አለው፤ የዘሩን ግን ልታዘገዩት ትችላላችሁ።

የዘሩ እርጥበት ከመቶ በ1 ሲቀንስ፣ ወይም የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲቀንስ፣ ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ የደብረ ብርሃን ብርድ ለዘር በረከት ነው፤ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ቆላ ግን ያንኑ ዘር ቶሎ ያስረጀዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክም የአገራችንን ዘሮች የሚያቆየው በማድረቅና በማቀዝቀዝ ነው። ዘራችሁን በሚገባ አድርቁ፤ እርጥበት በሚስብ ጉድጓድ አታኑሩት።

ከመዝራታችሁ ሦስት ሳምንት በፊት 100 ቅንጣት ቁጠሩ። ያማሩትን አትምረጡ፤ እጃችሁ ያፈሰውን ውሰዱ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ብርድ በማይበረታበት የቤቱ ክፍል አኑሩት፤ ጨርቁ አይድረቅ። በ4ኛውና በ7ኛው ቀን የበቀለውን ቁጠሩ። በ4ኛው ቀን ጥቂት፣ በ7ኛው ብዙ ከሆነ እርጅናው ጀምሯል። 80 ከበቀለ በ100 ኪሎ ፈንታ 125 ኪሎ ዝሩ። ከግማሽ በታች ከሆነ ሌላ ዘር ፈልጉ፤ መድኃኒት ያልነካው እንደ ሆነ ለቆሎ ይሁን፣ ለብቅል እንኳ አይበቃም። ብቅል የምታበቅለው እመቤት የገብሱን እርጅና ከባለማሳው ቀድማ ታውቀዋለችና ጠይቋት።

አዲስ የተወቃ ገብስ ግን ገና እንቅልፍ ላይ ስለሚሆን ባይበቅል አትጣሉት፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ፈትኑት።