ግንብ የጀመረው ሰው

የዛሬው ትምህርታችን ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14፣ ከቁጥር 28 እስከ 30 ያለው ነው። ምሳሌው ለሁላችንም የታወቀ ነው፦ ሰውዬው ወጪውን ሳያሰላ ግንብ ይጀምራል፣ መሠረቱ ላይ ይቀራል፣ አላፊ አግዳሚው ይስቅበታል። ብዙዎቻችን ግን ቤት ለሚሠራ ሰው የተሰጠ የገንዘብ ምክር አድርገን እንሰማዋለን። ቀስ ብለን እንየው። አንድ ግንብ ሠሪ ላምጣላችሁ፤ ግንቡ ፊልም ነው።

ማይክል ቺሚኖ አሜሪካዊ ዳይሬክተር ነበር። «ዘ ዲር ሀንተር» የተባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1979 አምስት ኦስካር አገኘ። በዚያው ወር ሞንታና ውስጥ «ሄቨንስ ጌት»ን መቅረጽ ጀመረ። ትርጉሙ የሰማይ ደጅ ነው፤ ያዕቆብ በቤቴል ከሕልሙ ሲነቃ ያንን ስፍራ የጠራበት ስም። በፊልሙ ውስጥ ግን የስኬቲንግ አዳራሽ ስም ነው። ቀረጻው በተጀመረ በስድስተኛው ቀን ሥራው አምስት ቀን ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ለፊልሙ የተሠራችው ከተማ መንገዷ ጠበበኝ ብሎ፣ አንዱን ወገን ብቻ ማፍረስ ሲበቃ ሁለቱም ወገን ፈርሶ እንደገና እንዲሠራ አዘዘ ይባላል። 11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተያዘለት ሥራ ከ40 ሚሊዮን በላይ ፈጀ።

እንግዲህ ይህ ሰው ምን ጎደለው? ትጋት አልጎደለውም። ለሥራው ያለው ፍቅር ብዙዎቻችን ለጸሎት ካለን ይበልጣል (ይህን ስል እኔንም ያሳፍረኛል)። የጎደለውን ለማየት ቁጥር 33ን እናንብብ። ጌታ እዚያ የሚናገረው ደቀ መዝሙር የራሱን ሁሉ ስለ መተው ነው። የሚቆጠረው ወጪ ከራስ የሚወጣው ነው ማለት ነው። በሞንታናው ግንብ ግን ከፋዩ ሌላ ነበር፤ በቀረጻው ፈረሶች ተጎድተዋል፣ ሞተዋልም። እነቻርሊ ቻፕሊን በ1919 የመሠረቱት፣ የፊልሙን ወጪ የከፈለው ድርጅት ዩናይትድ አርቲስትስም ከኪሳራው በኋላ በ1981 ለኤም.ጂ.ኤም. ተሸጠ።

አሁን ወደሚስቁት እንምጣ፤ እነርሱም በምሳሌው ውስጥ አሉ። ፊልሙ በኅዳር 1980 ኒውዮርክ ሲታይ ርዝመቱ ከሦስት ሰዓት ተኩል ያልፍ ነበር። የኒውዮርክ ታይምሱ የፊልም ሐያሲ ቪንሰንት ካንቢ ፍጹም ውድቀት መሆኑን ጻፈ። እስከዚህ ድረስ መብቱ ነው፤ ሥራ ለዓይን የቀረበ ስለሆነ ይመዘናል። እርሱ ግን አለፍ ብሎ፣ ቺሚኖ ለቀድሞው ስኬቱ ነፍሱን ለዲያብሎስ ሸጦ እንደሆነና ዲያብሎስም አሁን ዋጋውን ሊቀበል እንደመጣ አድርጎ ቀለደ። ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ከግንቡ ተነሥቶ ወደ ግንበኛው ነፍስ የተሻገረበትን ቦታ አስተውሉ፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 7 የሚከለክለው ይህንኑ መሻገር ነው። ጌታ በምሳሌው ሳቂዎች እንደሚኖሩ ተናገረ እንጂ ሳቁ አላላቸውም።

ፊልሙ ከሳምንት በኋላ ከሲኒማ ወረደ። በ1981 ተቆርጦ አጥሮ ቢመለስም የሰበሰበው 4 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም። በ2012 ግን ታድሶ፣ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ተመልሶ በቬኒስ ፌስቲቫል ታየ፤ ተመልካቹም በጭብጨባ ተቀበለው። ቺሚኖ እዚያው ነበር። ከ1996 ወዲህ አንድም ሙሉ ፊልም አልሠራም ነበር፤ በ2016 ዐረፈ።