በፍሎፒ የቀሩ ጽሑፎችን ማትረፍ

በደብረ ወርቅ፣ በቢቸና ወይም በሞጣ በ1990ዎቹ የተጻፈ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ ወይም የትምህርት ቤት ሮስተር በፍሎፒ ዲስክ ላይ ቀርቶ ከሆነ ዛሬ ነገ ሳይሉ ያውጡት። ፍሎፒ ጽሑፉን የሚይዘው በማግኔት ነው፤ እርጥበት፣ አቧራና ዕድሜ ያደክሙታል።

1. አስቀድመው ይቆልፉት። ባለ 3.5 ኢንቹ ፍሎፒ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ገፍተው ቀዳዳውን ክፍት ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም፤ ቫይረስም አይገባበትም። የቀድሞው ባለ 5.25 ኢንች ግን ተቃራኒ ነው፦ የሚቆለፈው ጠርዙ ላይ ያለው ቁራጭ ቦታ በፕላስተር ሲሸፈን ነው።

2. ሁሉንም ወደ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። ለባለ 3.5 ኢንቹ በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ ይበቃል። አንዱ ፍሎፒ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.44 ሜጋባይት በላይ ስለማይይዝ ሥራው ረጅም ጊዜ አይወስድም። መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ ባትሪው በሚሠራ ላፕቶፕ ይጠቀሙ። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከጠየቀ እሺ አይበሉ፤ ብዙ ሰው ሰነዱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ይልቁንም በሌላ ማንበቢያ ይሞክሩ፤ አንዱ ያልቻለውን ሌላው ብዙ ጊዜ ያነበዋል።

3. ፊደሉን ያትርፉ። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የዚያ ዘመን ሶፍትዌሮች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው አደራደር ነበር የሚያስቀምጡት። ስለዚህ ፋይሉ ደህና ሆኖ ሳለ ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ብቻ ይታያል። ተበላሽቷል ብለው አይሰርዙት። የተጻፈበትን ፎንት ፈልገው ይጫኑ፣ ጽሑፉ በትክክል ሲነበብ በፒዲኤፍ ያስቀምጡ፣ አንድ ቅጂም በወረቀት ያትሙ። ቀጥሎ ወደ ዩኒኮድ ይለውጡት። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ ዛሬ በስልክም የሚነበብበት መንገድ ይህ ነው። መለወጫ ፕሮግራም አንዳንድ ፊደል ሊያሳስት ስለሚችል ስሞችንና ቁጥሮችን ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ።

4. በሁለት ቦታ ያኑሩ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ ቅጂው በአዲስ አበባም፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ በኮሌጅቪልም እንዲቀመጥ ተደርጓል። ያኔ የታሰበበት ጥበቃ ለእድር መዝገብም ይሠራል፦ አንዱ ቅጂ ደብረ ወርቅ ከሆነ ሌላው ሞጣ ወይም ባሕር ዳር ካለ ዘመድ ዘንድ ይሁን። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያሉ ሁለት ፍላሾች አብረው ሊሰረቁ ይችላሉ። ፍላሹን በየጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አይሰኩት፤ ቫይረስ ፋይሎችን ደብቆ በቦታቸው አቋራጭ (ሾርትከት) ብቻ ሊያሳይ ይችላል።

ፍሎፒውን ግን በሁለቱም ቦታ ያለው ቅጂ ተከፍቶ እስኪነበብ ድረስ አይጣሉት።