የተሰበረ ፋይበርግላስ እንዴት ይጠገናል?

ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚያልፈው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት፣ ጠመዝማዛና ጭጋግ የበዛበት ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ የሚመላለስ አውቶቡስ ፊቱ በድንጋይ ወይም በግጭት ሲሰበር፣ ባለቤቱ ያለው ምርጫ አዲስ ማስመጣት ወይም የተሰበረውን ማስጠገን ነው። አዲሱ ውድ ስለሆነ ብዙዎች ጥገናውን ይመርጣሉ። ነገር ግን ስንጥቁ በስቱኮ ተደፍኖ ቀለም ከተቀባ በኋላ፣ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይታያል። ይህ ለምን እንደሚሆን፣ መፍትሔውም ምን እንደ ሆነ ለጓደኞቻችን ተማሪዎች ለማስረዳት እንሞክራለን።

የብዙ አውቶቡሶች የፊትና የኋላ ገጽ ላሜራ ሳይሆን ፋይበርግላስ ነው። ይህ ነገር ለመኪና አካል መዋል ከጀመረ ቆይቷል፤ ሸቭሮሌ ኩባንያ ኮርቬት የተባለችውን መኪና በፋይበርግላስ አካል መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 ነበር።

ምንነቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአገራችን ቤት ሲመረግ ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድም ብቻውን ግድግዳ አይሆንም። ሁለቱ ሲዋሐዱ ግን ጭዱ ጭቃውን ይይዘዋል። በፋይበርግላስም የመስተዋት ክሩ እንደ ጭድ፣ ሬዚን የሚባለው ፈሳሽ እንደ ጭቃ ነው። እንግዲህ ስቱኮ ጭድ የሌለው ጭቃ መሆኑ ነው፤ የተበጠሰውን ክር ሊተካ አይችልም። የስቱኮ ጥገና «ውስጡን ለቄስ» የሚያሰኘው ይኸው ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው።

1ኛ) መለየት። የስብራቱ ጠርዝ ክር ካሳየ ፋይበርግላስ ነው። የብዙ የቤት መኪናዎች ፓራውልት ግን ተራ ፕላስቲክ ስለሆነ ሬዚኑ አይዘውም።

2ኛ) መፋቅ። ቀለሙና ስቱኮው ተነሥቶ እስከ ክሩ ድረስ ይፋቃል። ጠርዙም እንደ ዳገት ቀስ በቀስ እየሳሳ ይሄዳል፤ የዳገቱ ስፋት የውፍረቱ 12 እጥፍ ቢሆን መልካም ነው። ስለዚህ 3 ሚሊ ሜትር ለሚወፍር አካል ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይፋቃል ማለት ነው። አዲሱ ክር የሚይዘው በዚህ ስፋት ላይ ነው።

3ኛ) ማጽዳት። ዘይትና እርጥበት ካለ ሬዚኑ አይጣበቅም። በአሴቶን ተጠርጎ በደንብ ይድረቅ።

4ኛ) መደረብ። ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ማጠንከሪያ ይደባለቃል። ከዚያ ምንጣፍ መሰሉ የመስተዋት ክር በሬዚን እየራሰ ከውስጥ በኩል ይደረባል። በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነው ክር አንዱ ድርብ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ስለዚህ ለ3 ሚሊ ሜትር ሦስት ወይም አራት ድርብ ይበቃል። አየር ከገባበት ስለሚደክም በብሩሽ ወይም በሮለር ተጭኖ ይውጣ።

5ኛ) ማስተካከል። ከጠነከረ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ስቱኮ ቦታው እዚህ ነው፤ በስሱ ተቀብቶ ገጹን ያስተካክላል እንጂ ስብራት አይሸከምም።

የአየሩ ጠባይም መታወቅ አለበት። ሬዚን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በደንብ ይጠነክራል፤ ከ15 በታች ግን ይዘገያል፣ ጭራሹንም ሳይጠነክር ሊቀር ይችላል። በመካነ ሰላም ደጋ ማለዳና ምሽት ከመሥራት ይልቅ እኩለ ቀንን መምረጥ ይሻላል። ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ያው ሬዚን በሙቀቱ የተነሣ ገና በጣሳው ውስጥ ሊረጋ ይችላል። ብርድ ነው ብሎ ማጠንከሪያውን ከልክ በላይ መጨመር ጥገናውን ያበላሸዋል፤ የሚሻለው ቦታውን ማሞቅ ነው። ይሁን እንጂ በእሳት አይሁን፤ አሴቶንም ሬዚንም በቀላሉ ይቀጣጠላሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሠራተኛው ጤና ነው። ማጠንከሪያው ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ስለሚችል ወዲያው በብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ ታጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ኮባልት ከሚባለው አፋጣኝ ጋር በቀጥታ ቢቀላቀል ይፈነዳል። የመስተዋቱ ብናኝ ሳንባን፣ ሽታውም ራስን ይጎዳል። ስለዚህ መነጽር፣ ጓንትና ጭንብል ማድረግ፣ ደጅ ወይም ነፋስ በሚገባበት ቦታ መሥራት የግድ ነው። ተሳፋሪውም መታሰብ አለበት፤ ከገጹ በስተጀርባ ያለው ብረት ወይም ሻንሲው ከተጎዳ ፋይበርግላሱን ማሳመር አደጋን መሸፈን ነው።

ይህ ሁሉ ማስጠንቀቂያ በጣሳው ላይ ተጽፏል፤ ነገር ግን የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በውጭ አገር ቋንቋ ነው። ባትላሜራ፣ ፓራውልት፣ ፓራፋንጎ የሚሉትን ቃላት ከጣልያንኛ ተቀብለው የራሳቸው ያደረጉ ባለሙያዎች አዲሱንም ዕውቀት ለመቀበል አያንሱም። የሚጎድለው የሚያስረዳ ነው። እኛ የቋንቋ ተማሪዎች መኪና ባንጠግንም ጽሑፍ መተርጎም እንችላለን። በመጪው ክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ፣ እያንዳንዳችን በአቅራቢያችን ወዳለ ጋራዥ ሄደን የጣሳውን ጽሑፍ በአማርኛ ጽፈን ግድግዳው ላይ ብንለጥፍ፣ የአንድ ልጅ እግር ሠራተኛ ዓይን ሊተርፍ ይችላል።