የተጣራ ፍሳሽና የታች ሰፈር ውኃ

የተጣራ ፍሳሽ ለውዱእ ይሆናልን? የሳዑዲ ዐረቢያ ታላላቅ ዑለማዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1978 ጉዳዩን መርምሮ፣ የነጃሳው ቀለም፣ ጣዕምና ሽታ ፈጽሞ ከጠፋ ውኃው ጧሂር ነው ሲል ወስኗል። ጤናን የሚጎዳ ከሆነ ግን እንዳይጠጣ አሳስቧል። ይህችን ሁለተኛዋን ነጥብ ብዙዎቻችን እንዘላታለን ባይ ነኝ።

ለአነስተኛ ከተማ ውድ ፋብሪካ የግድ አያሻም። ሴፕቲክ ታንክ ደለሉን ከታች፣ ቅባቱን ከላይ ያስቀራል፤ ከመካከል የሚወጣው ውኃ ግን፣ ጠርቶ ቢታይ እንኳ፣ የኮሌራና የታይፎይድ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ይችላሉ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ወንዝ አይለቀቅም፤ ወይ በአፈር ውስጥ ይሰርጋል፣ ወይ በተከታታይ ኩሬዎች ለሳምንታት ፀሐይ ይመታዋል። ኩሬው ሰፊ መሬት ይፈልጋል፤ ደለሉም በየጊዜው ይጠረጋል። የሚጠረግበትን ገንዘብ ማን እንደሚያዋጣ የሰፈሩ ሰው ቱቦው ከመቀበሩ በፊት ይስማማ።